ስለ ቴሌፓቲ ምርምር አጀማመር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቴሌፓቲ የሚባለው ምንድን ነው?

አንድ ሰው ሳይናገር፣ ሳይጽፍ፣ ምልክትም ሳይሰጥ ሐሳቡ ወይም ስሜቱ ለሌላ ሰው ይደርሳል የሚል እምነት ነው። ስሙን በ1882 ያወጣለት ፍሬደሪክ ማየርስ የተባለ የካምብሪጅ ምሁር ነው። የወደፊቱን መተንበይና የሙታን መንፈስ መጥራት ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ ያኔ ሁሉንም የሚመረምሩት እነዚያው ሰዎች ስለነበሩ ግን ነገሩ እየተደበላለቀ ይነገራል።

የተማሩ ሰዎች እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ገቡ?

ዘመኑን አስቡት። ከ1866 ጀምሮ በባሕር ሥር የተዘረጋ ገመድ ከአውሮፓ አሜሪካ መልእክት ያደርሳል። በ1876 ቤል የሰውን ድምፅ በሽቦ ላከ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሽቦ የማይፈልግ ሞገድ ተገኘ፤ በ1895 ሥጋን አልፎ አጥንት የሚያሳይ ጨረር መጣ። በዚያ ወቅት «ሐሳብስ ለምን አይሄድም?» ብሎ መጠየቅ ዛሬ የሚመስለውን ያህል የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። ታሊየም የተባለውን ንጥረ ነገር ያገኘው ኬሚስቱ ዊልያም ክሩክስ በ1897 አንዱ አንጎል ለሌላው ሞገድ ይልክ ይሆናል ብሎ በአደባባይ ተናግሯል።

ሌላው ምክንያት ሃይማኖት ነው። ከዳርዊን በኋላ ብዙ የእንግሊዝ ምሁራን የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት እንደ ድሮው መቀበል አቃታቸው፤ ሰው ሥጋ ብቻ ነው የሚለውም አልዋጥላቸው አለ። ሄንሪ ሲጅዊክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1869 በማያምንበት የሃይማኖት ቃል ታስሮ አልቀጥልም ብሎ የካምብሪጅ ሹመቱን ለቀቀ። በየካቲት 1882 ለንደን ላይ የሳይኪካል (ከተለመደው ውጭ ናቸው የሚባሉ የአእምሮ ነገሮች) ምርምር ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እሱ ሆነ። ማኅበሩ እንዲቋቋም የገፋፋው ደግሞ የደብሊኑ የፊዚክስ መምህር ዊልያም ባሬት ነው፤ በ1876 ግላስጎ ላይ በተደረገ የሳይንቲስቶች ጉባኤ ስለ ሐሳብ ዝውውር ጽሑፍ አቅርቦ ብዙ ሰው አስቆጥቶ ነበር።

አባላቱ ተራ ሰዎች አልነበሩም። በኋላ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው አርተር ባልፎር በ1893 ማኅበሩን መርቷል። የሲጅዊክ ባለቤት ኤሊኖር የባልፎር እኅት ነበረች። በእኔ አስተያየት ከሁሉም ንቁዋ መርማሪ እሷ ነች።

መጀመሪያ የተመረመሩት እነማን ነበሩ?

በደርቢሺር አውራጃ፣ በክስተን በምትባል ከተማ የሚኖሩ፣ ክሪሪ የተባለ ቄስ ሴቶች ልጆች ናቸው። አንዷ ከክፍል ትወጣለች፤ የቀሩት አንድ የመጫወቻ ካርታ ወይም አንድ ዕቃ ይመርጣሉ፤ የወጣችው ተመልሳ ትናገራለች። ምሁራኑ ደጋግመው አይተው ተደነቁ፤ ማኅበሩም የመጀመሪያ ማስረጃው አድርጎ አሳተመው።

በ1887 ልጆቹ ካምብሪጅ ሲፈተኑ ግን ተያዙ። ለአንዱ የካርታ ዓይነት ቀና ማለት፣ ለሌላው ወደ ታች ማየት፣ ለሦስተኛው ወደ ቀኝ፣ ለአራተኛው ወደ ግራ። መካከላቸው መጋረጃ ሲደረግ ደግሞ እግር ምንጣፍ ላይ መፋተግ፣ ማሳል፣ ማዛጋት። ማኅበሩ ይህን ራሱ አውጥቶ አተመ። ማጋለጡ ያስመሰግነዋል፤ ለማወቅ አምስት ዓመት መፍጀቱ ግን አያስመሰግነውም።

ስሚዝና ብላክበርን የተባሉ ሁለት ሰዎች ማኅበሩን አታለሉ ተብሎ የሚነገረው እውነት ነው?

ዋናው ታሪክ እውነት ነው። ብላክበርን የብራይተን ጋዜጠኛ፣ ስሚዝ ደግሞ መድረክ ላይ የሂፕኖቲዝም ትርዒት የሚያሳይ ወጣት ነበር። በ1882 እና 1883 ማኅበሩ በሁለቱ ላይ የሥዕል ሙከራ አደረገ። መርማሪዎቹ አንድ ሥዕል ይሥላሉ፤ ብላክበርን አይቶ በሐሳቡ ይልካል፤ ስሚዝ ይሥለዋል። አንድ ጊዜ ስሚዝን ዓይኑን አሰሩት፣ ጆሮውን ደፈኑት፣ ብርድ ልብስ አከናነቡት። እንዲያም ሆኖ ሥዕሉን ከሞላ ጎደል አስመስሎ አወጣው።

ብላክበርን ከዓመታት በኋላ፣ በ1908 እና በ1911፣ እንዴት እንደሠሩት በጋዜጣ ዘረዘረ። እሱ እንደሚለው ሥዕሉን በሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት ላይ በስውር ይገለብጠውና ጠቅልሎ በእርሳሱ የነሐስ ክዳን ውስጥ ይከተዋል። ስሚዝ «አገኘሁት!» ብሎ እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥቶ እርሳስ ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ያንን እርሳስ ነው። ከሰደርያው ሥር በጨለማ የሚያበራ ቀለም የተቀባ ሰሌዳ ደብቋል፤ የዓይኑን መሸፈኛ ከፍ አድርጎ ወረቀቱን በዚያ ብርሃን ያያል። ብርድ ልብሱ ማጭበርበርን ሊከለክል የመጣ ነው፤ የሸፈነው ግን አጭበርባሪውን ነው።

ብላክበርን ይህን ሲጽፍ የነገሩ ተሳታፊ የነበሩት ሁሉ ሞተዋል ብሎ ነበር። ስሚዝ ግን በሕይወት ነበርና ወጥቶ «ውሸት ነው» አለ። እስከ መጨረሻውም አላመነም። ስሚዝ ከሙከራው በኋላ ከማኅበሩ መሪዎች አንዱ የነበረው የኤድመንድ ገርኒ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጥሮ ሠርቷል፤ ኋላ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ ፊልም ሠሪዎች አንዱ ሆነ። የዓይን ማታለያ ለሚችል ሰው ቦታው ያ ነው።

ዘመዴን በሕልሜ አይቼ በነጋታው ማረፉን ሰማሁ። ይህንን ያጠኑት አሉ?

አሉ፤ በስፋትም ነው ያጠኑት። ገርኒ፣ ማየርስና ፍራንክ ፖድሞር በ1886 በሁለት ትልልቅ ቅጽ 702 እንዲህ ያሉ ታሪኮችን ሰብስበው አሳተሙ። ሰው በሞተበት ሰዓት ገደማ ሩቅ አገር ላለ ወዳጁ ታየው፣ ድምፁ ተሰማው የሚሉ ናቸው። ደብዳቤ ለደብዳቤ ተጻጽፈው፣ ብዙዎቹንም ቤታቸው ድረስ ሄደው ጠይቀዋል።

ትችቱ ወዲያው መጣ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ቻርልስ ፐርስ አንድ በአንድ እያነሳ ተሟገታቸው፤ ሰዓቱ በትክክል ተይዟል ወይ? ታሪኩ ዜናው ከመሰማቱ በፊት ለሌላ ሰው ተነግሮ ነበር ወይ? ያዩት ነገር ሳይደርስ የቀረባቸውስ ስንት ናቸው? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ለመስጠት ማኅበሩ ከ1889 ጀምሮ 17,000 ሰው ጠየቀ፦ ነቅተው ሳሉ የሌለ ሰው አይተው፣ ሰምተው ወይም ነክቷቸው ያውቃል? 1,684ቱ አዎ አሉ። የሚታወቅ ሰው ከታያቸው መካከል ከ43 አንዱ ከሞት ጋር ተገጣጠመ፤ በአጋጣሚ ቢሆን ይጠበቅ የነበረው ከ19,000 አንዱ ነው አሉ።

ቁጥሩ ያስደነግጣል። ግን ቁጥሩ የቆመው በሰው ትውስታ ላይ ነው። ሰው የገጠመለትን ያስታውሳል፣ ያልገጠመለትን ይረሳል። ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ሁሉ «ልቤ ነግሮኝ ነበር» ይላል፤ ውሸቱን አይደለም፣ ከዜናው በኋላ ግን ያለፈው ሳምንት በሙሉ ሌላ መልክ ይይዛል። ሕልማችሁን ያን ዕለት ጠዋት፣ ስልኩ ከመደወሉ በፊት፣ ቀን ጽፋችሁ ለሰው ካልሰጣችሁ በስተቀር ማጣራት የሚቻልበት መንገድ የለም።

በቁጥር መለካት የጀመረው ማን ነው?

ሻርል ሪሼ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። በ1913 በሕክምና የኖቤል ሽልማት ያገኘው ይህ ሰው (ሽልማቱ በአለርጂ ዙሪያ ለሠራው ሥራ ነው) በ1884 አንድ ቀላል ነገር አደረገ። ላኪው አንድ ካርታ ያወጣል፤ ተቀባዩ ከአራቱ ዓይነቶች የትኛው እንደሆነ ይገምታል። በ2,927 ግምት ውስጥ በዕድል ብቻ 732 ያህል ትክክል ይሆናል፤ እሱ 789 አገኘ። በዕድል ብቻ ይህን ያህል ከፍ የማለቱ አጋጣሚ ከመቶ አንድ አይሞላም።

ትልቅ እርምጃ ነው። ከዚያ በፊት ክርክሩ «እኔ አይቻለሁ፣ አላየህም» ነበር። ከሪሼ በኋላ ግን መጠየቅ የተቻለው «ከሚጠበቀው ስንት በለጠ?» ተብሎ ነው።

ቁጥር ብቻውን ግን አያድንም፤ ዕጣው ዕጣ መሆን አለበት። ቦስተን ላይ ቻርልስ ማይኖት ሰዎችን በዘፈቀደ ሥዕል ሣሉ ብሎ ሲጠይቃቸው ብዙው ሰው የሚሥለው ያንኑ ክብ፣ ያንኑ አራት ማዕዘን ሆነ። ስለዚህ ላኪው ክብ ሥሎ ተቀባዩም ክብ ቢሥል ሐሳብ ተላልፏል ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ሰው መሆናቸውን ብቻ ነው የሚያሳየው። ላኪው የሚልከውን ራሱ ከመረጠ ሙከራው ገና ሳይጀመር ተበላሽቷል። በዕጣ መምረጥ ግዴታ የሆነው ከዚህ ነው። ያው ፐርስ ከተማሪው ጆሴፍ ጃስትሮው ጋር በ1885 ባሳተመው የክብደት መለየት ሙከራ ቅደም ተከተሉን በተበወዘ ካርታ ወሰነ። ዛሬ የመድኃኒት ሙከራ ላይ ታማሚዎችን በዕጣ መመደብ የምንለው አሠራር ከቀደምት ዘመዶቹ አንዱ ይህ ነው። እነ ፐርስ በዚሁ ጽሑፍ ያገኙት ነገር ደግሞ ያስገርማል፤ ሰው «ልዩነቱ አይሰማኝም» እያለ እንኳ ከዕድል በላይ በትክክል ይገምታል። ቴሌፓቲ የሚባለውም ምናልባት እንዲህ ሳይታወቅ የሚያዝ ስሜት ይሆናል ብለው ጠቆሙ።

ስለ ሒሳብ አዋቂው ፈረስ የሚወራው ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ሳይታወቅ የሚያዝ ስሜት ያልነው በዓይን የታየው እዚያ ነው። ሃንስ የበርሊን ፈረስ ነው፤ ባለቤቱ ፎን ኦስተን ጥያቄ ሲጠይቀው መልሱን በኮቴው እየመታ ይቆጥራል። በ1907 ኦስካር ፉንግስት ነገሩን ፈታው። ጠያቂው መልሱን ካላወቀ ፈረሱም አያውቅም፤ ጠያቂውን ካላየውም አያውቅም። ጠያቂው ትክክለኛው ቁጥር ሲደርስ ሳያስበው ራሱን በጥቂቱ ቀና ያደርጋል፤ ፈረሱ ያንን አይቶ ያቆማል።

ከዚያ በፊትም በመድረክ ሐሳብ አንባቢዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የተደበቀ መርፌ ለማግኘት የተመልካቹን እጅ ይይዛሉ፤ እጁ ወደ መርፌው ሲቀርቡና ሲርቁ በማይታወቅ ሁኔታ ይላላል፣ ይጠነክራል። አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ቢርድ በ1877 ገደማ ይህ ሐሳብ ማንበብ ሳይሆን ጡንቻ ማንበብ ነው አለ። ልብ በሉ፤ በዚህ ጊዜ ማንም እያታለለ ላይሆን ይችላል። ፎን ኦስተን ራሱ ከልቡ ያምን ነበር።

ዩኒቨርሲቲዎች መርምረውታል?

አዎ። ስታንፎርድ ላይ ጆን ኩቨር በ1917 ያሳተመው ሥራ ለእኔ ከሁሉም ንጹሑ ነው። ወደ መቶ የሚጠጉ ተማሪዎች 10,000 ጊዜ ካርታ ገመቱ። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው፤ ከግምቶቹ ገሚሱ ላይ ላኪው ካርታውን አይቶ ያስባል፣ ገሚሱ ላይ ጭራሽ አያየውም። ተቀባዩ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ሐሳብ የሚሄድ ከሆነ ሁለቱ መለያየት አለባቸው። አልተለያዩም። ገንዘቡ የመጣው በመናፍስት ከሚያምነው ከዩኒቨርሲቲው መሥራች ወንድም ነበር፤ ውጤቱ ምን ያህል እንዳስደሰተው መገመት ይቻላል።

ኩቨር «ከኋላዬ የሚያየኝ ሰው ይታወቀኛል» የሚለውንም በ1913 ፈትኗል። ተማሪዎቹ የመለሱት ግማሽ በግማሽ ነው፤ ሳንቲም ቢወረውሩም ያው።

በሆላንድ ግሮኒንገን ደግሞ ሃይማንስና ባልደረቦቹ ቫን ዳም የተባለን ተማሪ ፈተኑ። ዓይኑ ታስሮ ከመጋረጃ ጀርባ ይቀመጣል፤ ፊቱ 48 ካሬ ያለው ሰሌዳ አለ። ላኪዎቹ ከላይ ባለው ክፍል ሆነው በወለሉ መስተዋት እጁን እያዩ ወደ አንዱ ካሬ «ይመሩታል»። ከ187 ሙከራ 60 አገኘ፤ በዕድል 4 ነበር የሚጠበቀው። እስካሁን የሚጠቀስ ውጤት ነው፤ ግን በአንድ ሰው ላይ የተገኘ ነው፣ በሌላ ቦታም አልተደገመም።

የአንጎል ሞገድ መመዝገቢያው ኢኢጂ በቴሌፓቲ ፍለጋ ተገኘ የሚባለው ተረት ነው?

ተረት አይደለም። ጀርመናዊው ሃንስ በርገር በ1890ዎቹ መጀመሪያ ወታደራዊ አገልግሎት ላይ ሳለ ከፈረስ ወድቆ በመድፍ ጋሪ ጎማ ሊደቅቅ ለጥቂት ተረፈ። ያን ዕለት ማታ ከአባቱ ቴሌግራም ደረሰው፤ ደኅንነቱን የሚጠይቅ። ቴሌግራሙን ያስላከችው ሩቅ ያለች እኅቱ ነበረች፤ አንድ ነገር እንደደረሰበት ተሰማት። በርገር ሐሳቤ ደርሷታል ብሎ አመነ። ሥነ ፈለክ ሊያጠና የነበረው ወጣት ወደ ሕክምና ዞረ፤ የሐሳብን ኃይል በመሣሪያ ለመያዝ ብዙ ዓመት የና (Jena) በተባለች የጀርመን ከተማ ውስጥ ደክሞ በ1924 የመጀመሪያውን የሰው አንጎል ኤሌክትሪክ መዘገበ። ያሳተመው በ1929 ነው። ኤሌክትሪኩ ግን ከራስ ቅል ውጭ ጥቂት እንኳ የማይርቅ ደካማ ነገር ሆነ፤ ሌላ ሰው ዘንድ የሚደርስ አይደለም። የፈለገውን አላገኘም፤ ዛሬ የሚጥል በሽታ የሚመረመርበትን መሣሪያ ግን አስገኘ።

በዚሁ የሞገድ ሐሳብ ሌኒንግራድ ላይ ሊዮኒድ ቫሲሊየቭ በ1930ዎቹ ሰዎችን በብረት በታሸገ ክፍል አስገብቶ ከሩቅ ሂፕኖቲዝም ሞከረ። ብረቱ የራዲዮ ሞገድ ያቆማል፤ ውጤቱን ግን አላቆመም አለ። እሱ ከዚህ የተነሣ ነገሩ ከራዲዮ ሞገድ ሌላ ነው ብሎ ደመደመ። ብረት የማያቆመው ሌላም ነገር አለ፦ መልሱን የሚያውቅ ሰው በክፍሉ መኖሩ።

ራዲዮ ላይ ሞክረውት ያውቃሉ?

በየካቲት 1927 የእንግሊዙ ቢቢሲ ሞክሯል። ላኪዎቹ ለንደን ውስጥ ተዘግተው አምስት ነገሮችን በየተራ አዩ፤ አድማጮች የመጣላቸውን ጽፈው ላኩ። 25,000 ሊሞላ ጥቂት የቀረው መልስ መጣ። ቴሌፓቲ ግን አልመጣም።

ክብ፣ መስቀልና ኮከብ ያለባቸው ካርዶች የማን ናቸው?

በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ጄ. ቢ. ራይን ይጠቀምባቸው የነበሩ፣ ባልደረባው ካርል ዜነር የነደፋቸው ናቸው። ክብ፣ መስቀል፣ ሞገድ መስመር፣ አራት ማዕዘንና ኮከብ፤ እያንዳንዱ አምስት፣ በድምሩ 25 ካርድ። በዕድል 5 ይገኛል። ራይን በ1934 ባወጣው መጽሐፍ ከዚህ በላይ የሚያገኙ ተማሪዎች አሉኝ አለ። ዋናው ኮከብ ኹበርት ፒርስ ነው፤ ከሌላ ሕንፃ ሆኖ በ1,850 ግምት 558 አገኘ፤ የሚጠበቀው 370 ነበር።

ሒሳቡ ላይ ጠብ የለም፤ የስታቲስቲክስ ሰዎች ሳይቀሩ ልክ ነው ብለዋል። ጠቡ ሒሳቡ ከመሠራቱ በፊት ባለው ላይ ነው። ለገበያ የቀረቡት ካርዶች በተወሰነ ብርሃን ከጀርባቸው ምልክቱ ይታይ ነበር። ፒርስ ግምቱን ሲጽፍ የሚጠብቀው ሰው አልነበረም። ፕሪንስተን ላይ ኮክስ 132 ሰዎችን ከ25,000 ጊዜ በላይ አስገምቶ ምንም አላገኘም። ራይን ራሱ ከዚህ የካርድ ሥራው ቀደም ብሎ ሌዲ ወንደር የተባለች የቨርጂኒያ ፈረስ ሐሳብ ታነባለች ብሎ ጽፎ ነበር፤ ያውም ከሃንስ 20 ዓመት በኋላ!

ከሁሉ የከፋው ማጭበርበር የትኛው ነው?

የለንደኑ የሒሳብ መምህር ሳሙኤል ሶል ነው፤ የከፋ የሚያደርገው አታላዩ መርማሪው መሆኑ ነው። ሶል መጀመሪያ ራይንን ተጠራጥሮ 160 ሰው ፈተነ፤ 128,350 ግምት፣ ውጤት የለም። ከዚያ በ1941 እና 1943 መካከል ባዝል ሻክልተን በተባለ ፎቶ አንሺ ላይ አስደናቂ ውጤት አገኘሁ አለ። ምስክር ነበረው፣ ቅደም ተከተሉ በዘፈቀደ ቁጥር ነበር፣ ሁሉ የተሟላ መሰለ። አንዲት ረዳት ሶል ቁጥሮች ሲቀይር አይቻለሁ ብትልም የሚሰማት አጣች። በ1978፣ ሶል ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ቤቲ ማርክዊክ መዝገቡን በኮምፒውተር መርምራ በቅደም ተከተሉ መሐል ተጨማሪ ቁጥሮች እንደገቡና እነዚያም አብዛኞቹ ከትክክለኛ ግምት ጋር እንደሚገጥሙ አሳየች። ያጋለጠችው የማኅበሩ ጠላት አልነበረችም፤ ጽሑፏን ያተመውም ራሱ ማኅበሩ ነው።

ቤት ውስጥ መሞከር እንችላለን?

ትችላላችሁ። 25 ካርድ ሥሩ፤ ወፍራም ወረቀት ይሁን። ቅደም ተከተሉን ላኪው አይምረጥ፣ ከመበወዝ ይልቅ ዳይስ (ቁጥር ያለበት የመጫወቻ ኩብ) ቢወረወር ይሻላል። ላኪና ተቀባይ በተለያየ ክፍል ይሁኑ፤ በየካርዱ መሐል «ቀጥል» የሚለው ሰው ካርዱን ያላየ ይሁን፣ ድምፁ ያጋልጣልና። ትክክልና ስሕተቱን ተራ በተራ አትንገሩ። ስንት ጊዜ እንደምትሞክሩ አስቀድማችሁ ወስናችሁ ጻፉ፤ ጥሩ ሲመጣ ማቆም የለም። ከ20 ሰው አንዱ 9 ወይም ከዚያ በላይ ቢያገኝ በዕድል የሚጠበቅ ነው፤ ያንን ሰው በሌላ ቀን እንደገና ፈትኑት።